ምዕራፍ ሰባት፦ የጣሳ አበባና የተከፈተ መስኮት

ሀዋሳ ላይ አበባ ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሰፋፊዎቹ መንገዶች ዳር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ ችግኞች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ዋጋ ተጠይቆ፣ "ቀንስ"፣ "አይቀንስም" ተባብለው ገዢው ሊሄድ ሲል፣ ሻጩ ለመጨረሻ ያቆያትን ያወጣል፤ "ይቺ እኮ የቤት አየር ታጣራለች!" አበባዋ ተገዝታ ቤት ስትደርስ ደግሞ እናት በር ላይ ይቀበላሉ፤ "ደስ ትላለች፤ ግን ማታ ማታ ከመኝታ ቤት አውጣት፣ አየር ትሻማለች።" እንግዲህ አንዲቷ አበባ ቀን አየር አጣሪ፣ ማታ አየር ሌባ ሆነች ማለት ነው።

ሁለቱም አባባል ባዶ ወሬ አይደለም። እያንዳንዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው፤ ታሪካቸውም ይገጣጠማል።

እ.ኤ.አ. በ1771 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በተዘጋ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሻማ አነደደ። ሻማው እስኪጠፋ ጠብቆ፣ በዚያው አየር ውስጥ አንዲት የናና ቅርንጫፍ አስገባ። ከቀናት በኋላ ሻማው በዚያው አየር እንደገና ነደደ። በቀጣዩ ዓመት በሻማው ቦታ አይጥ ተካ፤ አይጧም ተክል ባለበት ዕቃ ውስጥ ሳትታፈን ቆየች። ተክል የተበላሸ አየር ያድሳል የሚለው እምነት ከዚህ ተነሣ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1779፣ ያን ኢንገንሁዝ የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም እንግሊዝ አገር ተቀምጦ ከ500 በላይ ሙከራዎች አደረገ። ቅጠል አየር የሚያድሰው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ እንደሆነ፣ በጨለማ ግን እንደማንኛውም ሕያው ነገር እንደሚተነፍስና አየሩን በጥቂቱ እንደሚያበላሽ አሳየ። የእናቶቻችን ማስጠንቀቂያ ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል። ኢንገንሁዝ ያየው እውነት ነበር፤ ሰው ግን ከእውነቱ "ሌሊት ያበላሻል" የምትለዋን ይዞ "በጥቂቱ" የምትለዋን ጣላት።

ሦስተኛው ሰው የሻጩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ቢል ወልቨርተን የተባለ ተመራማሪ ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ለናሳ አንድ ጥናት አቀረበ። የናሳ ጭንቀት ግልጽ ነበር፦ ጠፈር ላይ መስኮት አይከፈትም። ወልቨርተን የታወቁ የቤት ውስጥ ተክሎችን አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ እየዘጋ፣ ቤንዚን (benzene) የተባለውን ኬሚካልና ፎርማልዲሃይድን የመሳሰሉ ከቀለም፣ ከሙጫና ከአዲስ የቤት ዕቃ የሚወጡ ጋዞችን ለቀቀባቸው። ከ24 ሰዓት በኋላ የጋዞቹ መጠን ቀንሶ አገኘው። ከሥራው ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ብዙ ሰው የማያነሣው ክፍል ነው፤ ከማጽዳቱ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት በሥሩ ዙሪያ፣ አፈር ውስጥ ያሉት ደቂቅ ሕዋሳት ነበሩ። "ናሳ ያረጋገጠው" የሚለው ቃል ግን ቅጠሏን ይዞ ዓለምን ዞረ፤ ሀዋሳ መንገድ ዳርም ደረሰ።

ሦስቱም አልዋሹም። ሦስቱም ግን የሠሩት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ነው።

የሀዋሳ ቤት የተዘጋ ዕቃ አይደለም። በሩ ከጠዋት እስከ ማታ ገርበብ ይላል፤ ከሀዋሳ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በመስኮት ይገባል፤ መስኮቱ ቢዘጋ እንኳ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ያለው ክፍተት ሥራውን አያቆምም። በዚህ ቤት ውስጥ የአንዲት ተክል ጉልበት ስንት ነው? እ.ኤ.አ. በ2019 ፊላደልፊያ በሚገኘው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ብራያን ከሚንግስና ማይክል ዌሪንግ የወልቨርተንን ዓይነት 12 ጥናቶች ሰብስበው 196 የሙከራ ውጤቶችን በአንድ ሚዛን አስቀመጧቸው። መካከለኛው ውጤት አንድ ተክል በሰዓት 0.023 ሜትር ኩብ አየር ያጸዳል የሚል ነው፤ ይህም 23 ሊትር ማለት ነው፣ ከአንድ ጄሪካን ብዙም አይበልጥም።

እስቲ እንቁጠረው። አራት በአራት የሆነች፣ ጣሪያዋ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ የኪራይ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። መስኮቷ ተከፍቶ አየሯ በሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ ቢለወጥ፣ ያንኑ ሥራ በተክል ለመሥራት ከ1,700 በላይ ማሰሮ ያስፈልጋል። አልጋው የት ይገባል? ተከራዩስ? የሁለቱ ተመራማሪዎች የራሳቸው መደምደሚያም ከዚህ አይርቅም፤ ተራ አየር ዝውውር የሚሠራውን ለመተካት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ተክል መደርደር ያስፈልጋል ብለዋል።

ይህን የማነሣው ሻጩን ለማሳፈር አይደለም። እኛ ቤት ውስጥ እውነተኛ የአየር ችግር ስላለ ነው። የእኛ ችግር የአዲስ ሶፋ ሙጫ ሳይሆን ከሰልና እንጨት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ እንደሞቱ ይገምታል። በክረምት ዝናብ በር ተዘግቶ ቡና ሲፈላ፣ ወይም ለሙቀት ተብሎ ያልጠፋ ምድጃ መኝታ ቤት ሲገባ፣ ከከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየው እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይሄዳል። ለዚህ ጋዝ ክፍል ሙሉ አበባ መድኃኒት አይሆንም። ምድጃው ይውጣ፣ በሩ ይከፈት። አየር ታጣራለች የሚለው ወሬ ጉዳት የሚያደርሰው አንዲት እናት በእሱ ተማምና መስኮት የዘጋች ዕለት ነው።

የሌሊቱን ክስ ቶሎ እንዝጋው። አንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። የጣሳ አበባ በሌሊት የምታወጣው ከዚህ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። አየር የሚሻማን ከመኝታ ቤት ማውጣት ካስፈለገ መጀመሪያ መውጣት ያለበት አብሮ የሚያንኮራፋው ነው። እንዲያውም እሬትና ቅጠሏ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብላ የምትቆመው ሳንሰቬሪያ ከሌሎቹ ይለያሉ፤ የደረቅ አገር ተክሎች ስለሆኑ ቀን ውሃ እንዳይተንባቸው የቅጠል ቀዳዳቸውን ዘግተው ይውላሉ፣ ሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ።

እንግዲህ አየሩን ከተውነው ምን ቀረ? ብዙ ቀርቷል።

ወልቨርተን ሪፖርቱን ባወጣበት በዚያው በ1989 ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን የተባሉ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁራን አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሳጥኑ ታወቀ፣ መጽሐፉ ግን ከምሁራን ክበብ ብዙም አልወጣም፤ እኔ ብጠየቅ ግልባጩ በሆነ እል ነበር። ካፕላኖች የሚሉት ይህን ነው፦ ሰው ሆን ብሎ በአንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ትኩረት ይደክማል። ሒሳብ የሚያመሳክር፣ ስፌት የሚከታተል፣ በስልክ ደንበኛ የሚያስተናግድ ሰው ከሰዓታት በኋላ ስሕተት ያበዛል፣ ይነጫነጫል። ቅጠል፣ ውሃ፣ የደመና እንቅስቃሴ ግን ዓይንን ሳያስገድዱ ይስባሉ፤ ዓይን እዚያ ሲያርፍ የደከመው ትኩረት ፋታ ያገኛል። ከሥራ በኋላ ወደ ሐይቁ ዳርቻ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ የሚወርደው፣ አሞራ ገደል ትላልቆቹ ዛፎች ሥር ቁጭ ብሎ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ለዓሣ ትራፊ ሲሻሙ የሚመለከተው ሀዋሴ ይህን ንድፈ ሐሳብ ሳያነብ ይኖረዋል።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1984፣ ሮጀር ኡልሪክ በሳይንስ መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፣ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት በአማካይ ከ7.96 ቀናት በኋላ ወደ ቤት ሄዱ፣ ግድግዳ ያዩት ከ8.70 ቀናት በኋላ። ዛፍ ያዩት ጠንካራ ማስታገሻ የጠየቁትም ያነሰ ነበር። 46 ሰው ትንሽ ነው፤ ከመስኮት የሚታይ ዛፍም ጠረጴዛ ላይ ካለች አበባ ይለያል። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል የሚነድፉ አርክቴክቶች መስኮቱ ወዴት እንደሚመለከት መጠየቅ ጀምረዋል።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ እጅን አፈር ውስጥ መክተት ሌላ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የደቡብ ኮሪያ ጥናት 24 ወጣት ወንዶች በተራ ሁለት ሥራ ተሰጣቸው፦ ኮምፒውተር ላይ መጻፍና አንዲት የቤት ተክል ከማሰሮ ወደ ማሰሮ ማዛወር። ከማዛወሩ በኋላ የታችኛው የደም ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ታየ፤ ራሳቸውም ዘና ማለታቸውን ተናገሩ። ከሁሉ የሚነገርለት ግን የ1976ቱ የኤለን ላንገርና የጁዲት ሮዲን ሙከራ ነው። በአሜሪካ ኮኔቲከት በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ተክል መርጠው ራሳቸው እንዲንከባከቡና ስለ ውሎአቸውም ራሳቸው እንዲወስኑ ተደረገ፤ ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎች ተክሉ ተሰጣቸው፣ ውሃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ነበረች። ከ18 ወራት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ 15 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 30 በመቶ አርፈው ነበር። ይህን ቁጥር ይዞ መጮህ ያጓጓል። ነገር ግን ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፣ ተመራማሪዎቹም ስታትስቲክሱ መጀመሪያ ከተባለው ደከም ያለ መሆኑን ኋላ አርመዋል፤ ደግሞም የተሰጣቸው ተክል ብቻ ሳይሆን የመወሰን መብትም ነበር። ለእኔ ትምህርቱ ያለው እዚያው ላይ ነው። ሁለቱም ፎቅ ላይ ተክል ነበረ፤ ልዩነቱ ማን ይወስናል፣ ማን ውሃ ያጠጣታል የሚለው ነበር።

ይህን ይዘን ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች ገጠር አምጥቶ ልብስ ስፌት ላይ አስቀምጧል። ብዙዎቹ ደባል ሆነው አንዲት ክፍል ይጋራሉ፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከበሩ ፊት የሌላ ተከራይ በር። ከየት ነው የመጡት? የሲዳማ ገጠር ቤት እንሰት ከቦት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው በላይ ትልልቅ ዛፍ ቆሞለት የሚኖር ነው። ከሲዳማ በስተደቡብ ያለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ ዓይነቱ የእንሰት፣ የቡናና የዛፍ አብሮ አኗኗር ነው። እንዲህ ካለ ጓሮ ወጥታ ሲሚንቶ ላይ ያረፈች ልጅ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አንድ ቅጠል ስትተክል፣ ቤት እያስጌጠች ነው ብሎ ማለፍ አይበቃም። ቀኑን ሙሉ ፍጥነቷን መስመሩ የሚወስንላት ልጅ መቼ ውሃ እንደምታጠጣ የምትወስነው ራሷ ነች።

ለአሠሪዎችም ነገር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝና በሆላንድ ቢሮዎች የተደረገ ጥናት ባዶ የነበሩ የሥራ ክፍሎች ተክል ሲገባላቸው ሠራተኞች በሥራቸው ይበልጥ እንደረኩ፣ በአንደኛው ሙከራም ምርታማነት 15 በመቶ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። ይህን ሰምቶ የፕላስቲክ አበባ የሚገዛ ኃላፊ አይጠፋም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ ውሃ የሚያጠጣው ሰው አያስፈልገውም። እውነተኛዋን ገዝቶ ለጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ መተውም የሁለተኛውን ፎቅ ስሕተት መድገም ነው። ሠራተኞቹ ይምረጧት፣ የሚቀመጡበት አጠገብ ትሁን። እንግዳ መቀበያው ላይ ብቻ ከቆመች የምትጠቅመው እንግዳውን ነው።

የእኛ ሰው ተክልን ከጤና ጋር ማያያዝ ከናሳ አልተማረም። ጤና አዳም ለቡና፣ ዳማ ከሴ ለምች፣ የጥብስ ቅጠልና በሶብላ ለወጥ ቤት፣ ጠጅ ሳር ለሽታ በየጓሮው ይበቅላሉ፤ ጓሮ ለሌለው ሰው በጣሳና በተቆረጠ ጄሪካን በረንዳ ላይ ይበቅላሉ። እነዚህ ግን ፀሐይ ይፈልጋሉ፤ ሳሎን ጥግ ላይ ከተቀመጡ ይመነምናሉ። ጤና አዳምን በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄ አለ፦ ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ከመታው ሊያቃጥል ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አብዝታ እንድትወስዳት አይመከርም፣ ማህፀንን ታነቃቃለችና።

ስለ ብርሃን ካነሣን፣ ከአውሮፓ የተገለበጡ መመሪያዎች "ወደ ደቡብ በሚያይ መስኮት አስቀምጡ" ይላሉ። ይህ ለለንደን እንጂ ለሀዋሳ አይሠራም። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በሰባት ዲግሪ ግድም ላይ ናት፤ የቀትር ፀሐይ ከመጋቢት ማብቂያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ትሆናለች። በበጋ ጥላ የነበረው የሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ማሰሮዋን አንድ ቦታ አስቀምጦ መርሳት አያዋጣም፤ በዓመት ሁለቴ ቦታ ትቀይር።

ውሃውም እንዲሁ። የቤት ተክል ከጥማት ይልቅ በፍቅር ብዛት ይሞታል፤ በየቀኑ ስትጠጣ ሥሯ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ጣት አፈሩ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ከተሰማው ዛሬ ይለፋት። ጣሳው ከሥሩ በምስማር ይበሳ። ሀዋሳ ላይ ደግሞ ሌላው ከተማ ገዝቶ የሚያመጣው ነገር በቅርብ አለ፦ ከስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዎች የተረፈው፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ቀዳዳማ ድንጋይ። ተፈጭቶ ከአፈር ጋር ሲቀላቀል ትርፍ ውሃ ያሳልፋል፣ ሥርም ይተነፍስበታል።

ከተበሳው ጣሳ የሚወርደው ውሃ የሚጠራቀምበት ሳህን ግን በየጥቂት ቀኑ ይደፋ። የወባ ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ ብቻ ነው ብሎ መዘናጋት ቀርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ዓይነት ናት፤ በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወባ እንዲነሣም እጇ ነበረበት። ደንጌ የተባለውን ትኩሳት ለምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የአበባ ሳህን ከሚመቿት ቦታዎች አንዱ ነው። አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት ክፍልም ሁልጊዜ የረጠበ፣ ላዩ የሻገተ አፈር ባይኖር ይሻላል።

የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ከመግዛት በፊት ስሟን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰፋፊ ነጭ ዥጉርጉር ቅጠል ያላት ዲፈንባኪያ ስታኘክ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አፍና ምላስን ወግተው ያሳብጣሉ፤ ተንጠልጣይዋ ፖቶስም በመጠኑ ቢሆን የዚያው ዘር ጠባይ አላት። ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል፤ ኦሊያንደር ከአበባዋ እስከ ግንዷ የልብ ምት የሚያዛባ መርዝ አላት። ልጅ ዲፈንባኪያ ካኘከ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ወተት መስጠት፣ ምላሱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገዩ ሆስፒታል መውሰድ ነው። የቅንጭብ ወተት ዓይን ከገባ እጅ ሳያሹበት በንጹሕ ወራጅ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ዓይን ሐኪም። ኦሊያንደር የበላ ልጅ ግን ምልክት እስኪታይበት አይጠበቅም፤ ቅጠሏን ለሐኪሙ ለማሳየት ይዞ ወዲያው መሄድ ነው።